ሩት ከተደረገ ስማርት ስልክ የሲስተምን ግልባጭ ስለ ማውጣት

የማስተማር ልምምድ ለመቅረጽ ከምንገለገልባቸው ሁለት ስልኮች መካከል አንደኛው ባለፈው ዓመት ሎጎ ላይ ቆሞ መቅረቱን ታስታውሳላችሁ። በየማደሪያው ብዙ ተወርቷል። «ባትሪው ነው» ያለ አለ፤ «ቫይረስ ነው» ያለም አለ። እኛ የክበቡ አባላት ግን እውነቱን እናውቃለን፤ ጥፋቱም የራሳችን ስለ ሆነ ሳንሸሽግ እንናገራለን። ስልኩ እኛ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት ሩት የተደረገ ነበር። ለቪዲዮ ቦታ ጠበበን ብለን «አያስፈልጉም» ያልናቸውን ፕሮግራሞች ከሲስተሙ ውስጥ ሰረዝን። የሚገርመው ቦታ እንኳ አላገኘንበትም። ሲስተሙ የሚኖርበትና ቪዲዮው የሚቀመጥበት ክፍል ለየብቻ ስለ ሆኑ ከአንዱ ቢጎድል ለሌላው አይተርፈውም። ይህን ያወቅነው ግን ስልኩ የፋብሪካውን አርማ ሲያሳይ፣ ሲጠፋ፣ መልሶ ሲያሳይ ካደረ በኋላ ነው።

ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድነው። ሠራተኛው የዚህን ሞዴል ሶፍትዌር ፈልጎ አጣ፤ ፋብሪካው ለሕዝብ አላወጣውም። ስለዚህ የቅርብ ዘመዱ የሆነ ሌላ ሞዴል ሶፍትዌር ጫነበት፤ ከመጫኑም በፊት ሁሉንም ነገር ፎርማት አደረገው። ስልኩ በራ። ጣት ሲነካው ግን አይሰማም፤ ሲምም አያነብም። *#06# ደውሎ የስልኩን መለያ ቁጥር ለማየት እንኳ ስክሪኑ አልታዘዝ አለ።

ያን ጊዜ ነው ሁለተኛውን ስልክ ያስታወስነው። ሞዴሉ አንድ ነው፤ እሱም ሩት የተደረገ ነው፤ ጤነኛም ነው። ፋብሪካው ያልሰጠንን ሶፍትዌር ጤነኛው ወንድሙ በሆዱ ይዞታል ማለት ነው። ከሆዱ እንዴት ይወጣል? ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ይህንን ነው።

በመጀመሪያ ግልባጭ ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ እንግለጽ። በእንግሊዝኛው አጠራር «ኢሜጅ» ይሉታል። አንድ መምህር የክፍሉን ሮስተር እንዲገለብጥ ቢታዘዝ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ስሙንና ውጤቱን እያነበቡ በሌላ ወረቀት ላይ መጻፍ ነው። ሁለተኛው ሮስተሩን እንዳለ ፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ ማስተኛት ነው። በሁለተኛው መንገድ ባዶው መስመር፣ የተሰረዘው ስም፣ የቡናው ጠብታ ሳይቀር ይወጣል። ፋይሎችን እየመረጡ መቅዳት የመጀመሪያውን ይመስላል፤ ኢሜጅ ማውጣት ግን ሁለተኛው ነው። የስልክ ሲስተም በፋይል በፋይል ቢቀዳ የየፋይሉ ፈቃድ፣ ባለቤትነትና አቀማመጥ በመንገድ ላይ ይጠፋል፤ መልሰው ቢጭኑት ስልኩ አይነሣም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው፣ ባዶውም ጭምር፣ ሳይመርጡ መገልበጥ ያስፈልጋል።

የሚገለበጠው ታዲያ ምኑ ነው? ኢንስቲትዩታችንን ከኮረብታው ላይ ሆኖ ላየው ሰው ግቢው አንድ ነው፤ ውስጡ ግን በአጥርና በግድግዳ የተከፋፈለ ነው። የስልክም ሜሞሪ እንዲሁ ነው። ክፍሎቹ ፓርቲሽን ይባላሉ፤ በአንድ ስልክ ውስጥ ከ20 እና ከ30 የሚበልጡ ፓርቲሽኖች ማግኘት የተለመደ ነው። «ቡት» የሚባለው እንደ በሩ ዘበኛ ነው፤ ማለዳ ቀድሞ ተነሥቶ ሌላውን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው፤ የሊኑክስ ከርነልም የሚገኘው በዚሁ ውስጥ ነው። «ሪከቨሪ» ክሊኒካችን ነው። «ሲስተም» ቤተ መጻሕፍቱ ነው፤ ሁሉም ገብቶ ያነባል፣ በመጽሐፉ ላይ ግን ማንም አይጽፍም። «ዩዘርዳታ» ማደሪያው ሲሆን እያንዳንዱ ሻንጣውን የሚያኖረው እዚያ ነው። ከነዚህ ሌላ በጣም ትናንሽ፣ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ የሆኑ ፓርቲሽኖች አሉ። እነዚህ በሬጅስትራሩ ቢሮ ያለውን ካዝና ይመስላሉ፤ የስልኩ መለያ ቁጥርና የሬድዮው ልኬት የሚቀመጡት በነሱ ውስጥ ነው። በሚዲያቴክ ቺፕ በሚሠሩ ስልኮች «ኤንቪራም» እና «ኤንቪዳታ» ይባላሉ፤ በሳምሰንግ ስልኮች ደግሞ «ኢኤፍኤስ»። አንባቢ ይህን ካዝና በልቡ ያኑርልን፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

አንድሮይድ የቆመው በሊኑክስ ላይ ነው፤ በሊኑክስ ደግሞ «ሩት» ማለት ቁጥሩ 0 የሆነ፣ ምንም በር የማይዘጋበት ተጠቃሚ ነው። ተራው የስልክ ባለቤትና ተራው መተግበሪያ ፓርቲሽኑን በጥሬው ማንበብ አይፈቀድላቸውም። ስልክ ሩት ተደረገ የሚባለው ይህ የቁጥር 0 ሥልጣን ለባለቤቱ ሲከፈት ነው። ባሁኑ ጊዜ በብዛት የሚሠራበት መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ማጂስክ ነው።

እዚህ ላይ አስተያየታችንን ደፍረን እንስጥ፤ ይህን ግልባጭ ለማውጣት ብላችሁ ብቻ ጤነኛ ስልካችሁን ሩት አታድርጉ። ሩት ለማድረግ አስቀድሞ ቡትሎደር መከፈት አለበት፤ እሱ ሲከፈት ደግሞ በስልኩ ያለው ፎቶና ጽሑፍ ሁሉ ይጠፋል። ብዙ የባንክ መተግበሪያዎችም ሩት የተደረገ ስልክ ላይ አልሠራም ይላሉ። ሥልጣኑን በስሕተት ያገኘ ማንኛውም ፕሮግራም ያሻውን ያነባል። ፋብሪካው ራሱ ሶፍትዌሩን የሚያወጣ ከሆነ ከፋብሪካው መውሰድ ይበልጣል፤ ለምሳሌ ጎግል ለፒክስል ስልኮቹ ሙሉውን ኢሜጅ በነጻ ያወጣል። የኛ ዓይነቱ ግን በየሱቁ በርካሽ የሚሸጥ፣ አምራቹ ከሸጠው በኋላ ዞር ብሎ የማያየው ስልክ ነው። እንዲህ ላለው ስልክ ከጤነኛው ወንድሙ ሆድ ሌላ ምንጭ የለም።

ወደ ሥራው እንግባ። በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ስንነካ የተደበቀው የዴቨሎፐር ዝርዝር ተከፈተ፤ ከዚያ ውስጥ «ዩኤስቢ ዲበጊንግ» የሚለውን አበራን። ስልኩን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተን ኤዲቢ በተባለው ፕሮግራም በኩል ወደ ስልኩ ውስጥ ገባን። «ሱ» ብለን ጻፍን። በስክሪኑ ላይ «ፍቀድ» ወይም «ከልክል» የሚል ጥያቄ ብቅ አለ፤ ፈቀድን። ከዚያ «ዴቭ» ከሚባለው ፎልደር «ብሎክ»፣ ከብሎክ ውስጥ ደግሞ «ባይ ኔም» የሚባለውን ፎልደር ዘረዘርን። (በአንዳንድ ስልክ ይህ ፎልደር «ፕላትፎርም» በሚባል ሌላ ፎልደር ሥር ተሸሽጎ ይገኛል።) የፓርቲሽኖቹ ስም ወረደ፤ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ቀስት፣ ከቀስቱ ወዲያ የፓርቲሽኑ ተራ ቁጥር። ዝርዝሩን ሙሉ በሙሉ በደብተራችን ጻፍን። ለምን እንጽፋለን ያለ ጓደኛ ነበረን፤ ስልክ ሲሞት ዝርዝሩም አብሮት እንደሚሞት ከነገርነው በኋላ በጁ ጻፈ።

የሚገለብጠው ትእዛዝ ዲዲ ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ዲ ሁለት ጊዜ ነው። ትእዛዙ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዩኒክስ ውስጥ ያለ ሽማግሌ ነው። ሁለት ነገር ይጠይቃል። ኢ-ኤፍ ከሚለው ቀጥሎ ከየት እንደሚያነብ፣ ኦ-ኤፍ ከሚለው ቀጥሎ ወዴት እንደሚጽፍ ይነገረዋል። አለቀ። ይህ ቀላልነቱ ነው አደገኛ የሚያደርገው። ሁለቱ ቢቀያየሩ፣ ይኸውም ባዶ ፋይል አንብቦ በሲስተሙ ላይ እንዲጽፍ ቢታዘዝ፣ ዲዲ «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ዝም ብሎ ይጽፋል። ቁጥር 0 አዝዞት የለ፤ ማን ይከለክለዋል? በዚህ ምክንያት በክበባችን አንድ ደንብ አለ፤ አንዱ ትእዛዙን ይጽፋል፣ ሌላው ጮክ ብሎ ያነባል፣ መመለሻው ቁልፍ የሚጫነው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ጥቂት ሒሳብ። የስልካችን ሲስተም ፓርቲሽን ልክ 2,684,354,560 ባይት ነው። ዲዲ ምንም ካልተባለ በአንድ ጊዜ 512 ባይት ብቻ ያነሣል። ስናካፍለው 5,242,880 ምልልስ ይሆናል። ውኃ ከምንጭ በብርጭቆ እንደ መቅዳት ነው። «ቢኤስ» በሚባለው ቃል የብርጭቆውን መጠን ወደ 4 ሜጋባይት፣ ማለትም 4,194,304 ባይት ብናሳድገው ግን ምልልሱ 640 ብቻ ይሆናል። የሒሳብ ተማሪዎች አካፍለው ይዩት፤ ያለ ቀሪ ነው የሚካፈለው። ውጤቱ ያው ነው፤ የሚለየው ጊዜው ነው። ዲዲ እየሠራ ሳለ ምንም አይናገርም። ብዙ ጊዜ ጀማሪው ተሰናከለ ብሎ ኬብሉን የሚነቅለው በዚህ ዝምታ ነው። ሲጨርስ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ ብሎ ይነግራል፤ እኛ ዘንድ 640 ገብቶ 640 ወጣ።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ መግጠሙ አይበቃም። ፎቶ ኮፒው ልኩ ትክክል ሆኖ መሐሉ የደበዘዘ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሻ-256 የሚባል ማረጋገጫ አለ። ፋይሉን ሁሉ አንብቦ 64 ምልክት ያለው አንድ ማኅተም ያወጣል፤ ከ2 ቢሊዮን ባይት ውስጥ አንዷ ብትለወጥ ማኅተሙ ሌላ ይሆናል። አንድ ጊዜ በፓርቲሽኑ ላይ፣ አንድ ጊዜ በግልባጩ ላይ አሠራነው። ሁለቱን ማኅተሞች ወረቀት ላይ ጽፈን አንዱን በአንዱ ሥር አድርገን በጣት እየቆጠርን አመሳከርን፤ ገጠመ። ኮምፒውተር ላይ ካሳለፍነውም በኋላ ሦስተኛ ጊዜ ሞከርነው።

ሲስተሙ እየሠራ ሳለ እንዴት ይገለበጣል፣ እየተለወጠ አይደለም ወይ የሚል ጥያቄ ቀርቦልናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ላይ ማንም አይጽፍም ብለን የለም? ሲስተም ፓርቲሽን ለንባብ ብቻ ሆኖ ስለሚከፈት ስልኩ እየሠራም ቢሆን አይለወጥም። ማደሪያው ግን ሌላ ነው፤ ዩዘርዳታ በየሴኮንዱ ይጻፍበታል፤ በዚያ ሁኔታ የሚገለበጥ ግማሹ የጧት፣ ግማሹ የማታ ይሆናል። ከዚህም በላይ በአሁኖቹ ስልኮች ላይ ዩዘርዳታ በምስጢር የተቆለፈ በመሆኑ የተገለበጠው ቢወጣም የሚነበብ አይደለም። ፎቶና ደብዳቤ ለማዳን በዚህ መንገድ የሚመጣ ሰው ካለ ከወዲሁ ይመለስ።

ሌላም ወጥመድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው አንድሮይድ 4.4 የገባ ዲኤም-ቬሪቲ የሚባል ተቆጣጣሪ አለ። ሲስተሙ በሚነበብበት ጊዜ እያንዳንዱን ቁራጭ ከፋብሪካው ማኅተም ጋር ያመሳክራል፤ ያልገጠመውን አያሳልፍም። ስለዚህ ሲስተሙን ለመጻፍ ከፍቶ ምንም ሳይጽፉ መልሶ መዝጋት እንኳ ያበላሸዋል፤ ምክንያቱም መቼ እንደ ተከፈተ የሚናገረው ማስታወሻ በራሱ በፓርቲሽኑ ላይ ይጻፋል። ግልባጩን በኮምፒውተር ስንከፍተውም ለንባብ ብቻ ብለን መክፈት ያለብን ለዚሁ ነው።

ደግሞም ሩት ከተደረገ ስልክ የወጣ ሁሉ የፋብሪካ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ማጂስክ ሲስተሙን አይነካም፤ የሚለውጠው ቡትን ነው። ስለዚህ የኛ ሲስተም ንጹሕ ሲሆን ቡታችን ግን የተለወጠ ነው። ድሮ የነበሩት የሩት ማድረጊያ ዘዴዎች ደግሞ ብዙዎቹ ራሱን ሲስተሙን ይነኩ ነበር። ግልባጩን ለሌላ ሰው የሚሰጥ ይህንን በፋይሉ ስም ላይ ይጻፍ።

በአዲሶቹ ስልኮች ነገሩ ትንሽ ተወሳስቧል። ከአንድሮይድ 7 (እ.ኤ.አ. 2016) ጀምሮ አንዳንድ ፓርቲሽኖች በጥንድ፣ ኤ እና ቢ ተብለው የሚገኙባቸው ስልኮች መጡ፤ ስልኩ በየትኛው እየሠራ እንደ ሆነ ሳይጠይቁ መገልበጥ አሮጌውን ይዞ መሄድ ነው። ከአንድሮይድ 10 (እ.ኤ.አ. 2019) ወዲህ ደግሞ ሲስተምና ቬንደር የመሳሰሉት «ሱፐር» በሚባል አንድ ትልቅ ፓርቲሽን ውስጥ ተጠቃለው ገብተዋል፤ በባይ ኔም ዝርዝር ውስጥ ሲስተምን ብትፈልጉ አታገኙትም፤ ከብሎክ ሥር «ማፐር» በሚለው ፎልደር ነው የሚታየው። ሱፐርን በሙሉ የሚገለብጥ ሰው የሜሞሪ ካርዱን ዓይነት ይመልከት። በፋት-32 የተዘጋጀ ካርድ ከ4,294,967,295 ባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ሱፐር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ኤክስ-ፋት የተባለው ይይዘዋል፤ ካልሆነም በኬብል ቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ማስወጣት ነው።

የወጣውን ግልባጭ በሊኑክስ ኮምፒውተር ከፈትነው። ይህን ክፍል ስንጽፍ ደስ እያለን ነው። ስልኩ ጠፍቶ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል፤ ሆዱ ግን በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ተዘርግቷል። «ቢልድ ፕሮፕ» የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል አለ፤ የሞዴሉ ስምና ሶፍትዌሩ የተሠራበት ቀን ተጽፎበታል። ያን ያህል ያስፈራን የነበረው የስልኩ የጥሪ ድምፅ እንኳ ሳይቀር ተራ ፋይል ሆኖ ተገኘ። «ፎንትስ» ወደሚለው ፎልደር ስንገባ ከብዙ የዓለም ፊደላት መካከል ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚል አገኘን። ከፈትነው፤ ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ ብሎ ተደረደረ። በስልክ አማርኛ ስናነብ ቅርጹ የሚመጣው ከዚህች ፋይል ነው። አንዲት የቋንቋ ክፍል ሠልጣኝ ለረጅም ጊዜ አልነሣም ብላ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ስትቆጥር ቆየች።

በመጨረሻም ወደ በሽተኛው ስልክ መጣን። ሲስተሙን፣ ቬንደሩን፣ ሪከቨሪውንና ቡቱን ከጤነኛው አውጥተን በፋስትቡት በኩል ጫንንበት። የአራቱም ግልባጭ ከአንድ ስልክ፣ በአንድ ቀን የወጣ መሆን አለበት፤ ሲስተሙን ከአንድ እትም ቡቱን ከሌላ እትም መቀላቀል ተመልሶ ሎጎ ላይ ያቆማል። ስልኩ ተነሣ። ጣትም ሰማ፤ የንክኪውን መሣሪያ የሚያናግረው ፕሮግራም በከርነሉ ውስጥ ስለሚገኝ ንክኪውን የመለሰልን ቡቱ ነው። የወንድሙን ቡት ስለ ወሰደ ሩት የተደረገ ሆኖ ነው የተነሣው። ያን ዕለት በክበቡ ክፍል የነበረውን ጭብጨባ የሰማችሁ ትኖራላችሁ።

ከዚያ *#06# ደወልን። መለያ ቁጥሩ የለም። ዋይፋይ ስናበራ በኔትዎርኮቹ ዝርዝር ላይ «ኤንቪራም ዋርኒንግ» የሚል የማንም ያልሆነ ስም ተጽፎ አየን። ካዝናው ባዶ ነበር፤ ጥገና ቤቱ ሁሉንም ፎርማት ሲያደርግ እሱም አብሮ ጠፍቷል።

«ከጤነኛው ገልብጣችሁ ለምን አትጭኑበትም?» ተባልን፤ እኛም ለጥቂት ጊዜ አስበነው ነበር። አይሆንም። ሲስተሙ የሞዴሉ የጋራ ንብረት ነው፤ በሁለቱም ስልክ ላይ አንድ ነው። የካዝናው ይዘት ግን የአንዱ ስልክ ብቻ ነው። የአንዱን ለሌላው መስጠት አንድን መታወቂያ ለሁለት ሰው እንደ ማደል ነው፤ ኔትዎርኩም ሁለት ስልክ በአንድ ቁጥር ሲመጣበት ያያል፤ ሥራውም ማጭበርበር ይባላል። የሬድዮው ልኬትም በፋብሪካ ለያንዳንዱ ስልክ ለየብቻ የተለካ ነው። ሊመልሰው የሚችለው የራሱ፣ ሳይታመም በፊት የወጣ ግልባጭ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ማንም አላወጣም።

ያ ስልክ ዛሬ ያለ ሲም ይሠራል። ቪዲዮ ይቀርጻል፣ ዋይፋይ ይይዛል፣ ስልክ ግን አይደውልም። የሁለተኛውን ስልክ ኤንቪራምና ኤንቪዳታ በዚያው ሳምንት ገልብጠን ለብቻው በተቆለፈ ቦታ አስቀምጠናል፤ ለማንም አንሰጥም። የኤንቪራሙ ግልባጭ 5 ሜጋባይት ነው። ለማውጣት 1 ሴኮንድ እንኳ አልፈጀም።